የልጅ ኢያሱ ፎቶግራፍ

ኢየሩሳሌም ውስጥ በነቢያት ጎዳና የሚያልፍ ሰው፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ከሚገጥምበት አካባቢ ቀና ቢል፣ ግንባሩ ላይ ዘውድ የጫነ የይሁዳ አንበሳ በቀለማት ጠጠር የተሠራበት አንድ አሮጌ ሕንጻ ያያል። ያሠሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው። ለብዙ ዓመታትም የኢትዮጵያ ቆንስላ ነበረ። ከዚያ ወደ ጠባቡ መንገድ ሲገባ፣ ከረጅሙ የድንጋይ አጥር ጀርባ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ክብ ጣሪያ ብቅ ይላል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያስጀመሩት አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ያስፈጸሙት ደግሞ አፄ ምኒልክ ናቸው። ለዕብራይስጥ መነሣት የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትኬቱን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ስለሚሮጥ ቀና ብሎ አያይም።

ዮሐንስ፣ ምኒልክ፣ ዘውዲቱ። እነዚህ ሦስት ስሞች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገናኛሉ። ዮሐንስ የአባቱ የክርስትና አባት፣ ምኒልክ አያቱ፣ ዘውዲቱ አክስቱ ነበሩ። ሰውየው ልጅ ኢያሱ ሚካኤል ናቸው። የኢትዮጵያን መንበር ከያዙት ሁሉ ዘውድ ሳይጭኑ የገዙ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያትም ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣ ንጉሥ።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ደሴ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ የአፄ ምኒልክ ልጅ ስትሆን፣ ልጇ ገና ሕፃን ሳለ ሞታለች። አባታቸው ራስ ሚካኤል ናቸው። ሚካኤል የወሎ ገዢ ከነበረ የእስላም ቤት ተወልደው ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ሲያዝዙ፣ መሐመድ አሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሥልጣናቸውም ጸና። ሃይማኖትን በአዋጅ መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ በአፍ የተነገረው በልብ ላይ ምን ያህል እንደሚገባ፣ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ራስ ሚካኤል አምነው ክርስቲያን ሆነው ኖሩ፤ ደሴ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ አድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተዋጉ። ዘመዶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ግን አብዛኞቹ እስላም ነበሩ። ሕፃኑ ኢያሱ ያደገው አንዱ ወገን ለጸሎት ሲቆም ሌላው ለስግደት በሚያጎነብስበት አገር ነው። በኋላ ፎቶግራፉ የታመነበትን ምክንያት የፈለገ ሰው ከዚህ መጀመር አለበት።

አፄ ምኒልክ ለዙፋን የሚሆን ወንድ ልጅ በሕይወት አልቀረላቸውም። በሽታው ጸንቶባቸው አካላቸው ሲደክም፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወጁ። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ። ሕዝቡም መኳንንቱም በኢያሱ ስም ማሉ፤ አዋጁን ያፈረሰ በእርግማን እንዲቀጣ ታሰረ። ለዚያ ዘመን ሰው ይህ መሐላ የወረቀት ፊርማ አልነበረም። ከባድ ነገር ነበር፤ ሊፈታው የሚችለውም ጳጳሱ ብቻ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ገሸሽ ተደረጉ። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሞቱ። አዲስ ሞግዚት አልተሾመም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው አረፉ፤ ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ቆየ። በ18 ዓመት ልጅ እጅ አገር ወደቀ።

ኢያሱ እንዴት ገዙ የሚለው ላይ ምስክሮቹ አይስማሙም፤ ሁለቱም ወገን ደግሞ የሚይዘው አለው። በአንድ በኩል ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት ቆራኝቶ ማሰርን ለማስቀረት ሞከሩ፣ ሌባ ሻይ የሚባለውንም ሥርዓት ገቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትርንቡሌ የተባለ የከተማ ጥበቃ አቋቋሙ፣ የመንግሥት ሒሳብ እንዲመረመር አደረጉ። የምኒልክን አሮጌ ሹማምንት እያነሡ የራሳቸውን ሰዎች ይሾሙ ነበር። አፋርንና ሶማሌን ከሩቅ በጦር ከመያዝ ይልቅ ከባላባቶቻቸው ጋር እየበሉና እየተጋቡ ወደ መንግሥቱ ሊያስጠጓቸው ፈለጉ። ከመስጊድ ሰዎችም ጋር ቀረቡ። በሌላ በኩል ዋና ከተማውን ጥለው ለወራት ይጠፋሉ፤ ጉዳይ የያዘ ሰው በር ላይ ይጠብቃል። አክስታቸውን ዘውዲቱን ከግቢ አውጥተው ፋሌ ወደሚባለው ርስታቸው ሰደዷቸው። አባታቸውን በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብለው አነገሡ፤ የሸዋ መኳንንት ይህን በደግ አላዩትም። በ1904 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጊሚራ፣ በወረዱበት ዘመቻ ደግሞ እጅግ ብዙ ሰው በባርነት ተነዳ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ፎቶግራፍ ኢትዮጵያ የገባው ከኢያሱ መወለድ በፊት ነው። በምኒልክ ግቢ ግን የታወቀው ባለሙያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሲሆን፣ ልጆቹም ከእሱ በኋላ የነገሥታት ፎቶ አንሺ ሆኑ። አርመኖች ይህን ሙያ የያዙበት መንገድ ከኢየሩሳሌም ጋር ይነካካል። በአሮጌው ከተማ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት የሳዪ ጋራቤድያን ለወጣቶች ፎቶ ማንሳትና ማጠብ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ጋራቤድ ክሪኮሪያን በያፎ በር አጠገብ ፎቶ ቤት ከፈተ። ከዴር ሡልጣን ጣሪያ ወርዶ ወደ አርመን ሰፈር የሚሄድ መነኩሴ በዚያ ዘመን የመስታወት ፊልም ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ሲደርቅ አይቶ ይሆናል። ኢትዮጵያውያንና አርመኖች በኢየሩሳሌም የቆየ ጉርብትና አላቸው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከተማይቱን ሲጎበኙ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አግኝተው ለሙዚቃ ጓድ ወደ አዲስ አበባ የወሰዱት ከዚህ ነው።

ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነበር። በመስታወቱ ላይ ብርሃን የሚቀበል መድኃኒት ይቀባል፤ ፎቶው ሲታጠብ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው ይህን መስታወት ከብርሃን ፊት አቁሞ በሾለ እርሳስ ይነካካዋል። እርሳሱ የነካው ቦታ በወረቀቱ ላይ ፈካ ብሎ ይታተማል፤ የግንባር ሽብሽብ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥላ በዚህ ይጠፋል። በስለታም ቢላዋ ቀስ ብሎ ቢፋቅ ደግሞ ያ ቦታ ይጠቁራል። በዚያ ዘመን ያልተነካካ የመኳንንት ፎቶ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ደንበኛውም ይህንኑ ፈልጎ ይከፍላል። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ሲያስፈልግ ሁለት የታተሙ ፎቶዎች ይቆረጣሉ። የአንዱ ራስ በሌላው ትከሻ ላይ ይለጠፋል፣ ጠርዙ በቀለም ይደበዘዛል፣ ከዚያ የተለጠፈው እንደገና ፎቶ ይነሣል። ከዚህ በኋላ መቀስ የነካው ወረቀት ይቃጠላል፤ የቀረው ንጹሕ የሚመስል አዲስ መስታወት ነው። ሊያጋልጠው የሚችለው ብርሃኑ ነው። ፊቱ ላይ ጥላው በግራ፣ ልብሱ ላይ በቀኝ ከሆነ አንድ ነገር አለ። አንገትና አንገትጌ የሚገናኙበት ቦታም ውሸትን ብዙ ጊዜ አይሸሽግም።

በብዙ ኢትዮጵያውያን ሳሎን ውስጥ፣ በእስራኤልም ቢሆን፣ እንዲህ የተሠራ ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ጎንደር፣ ሌላው ሱዳን ሳሉ የተነሡ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሞተ አባት በልጁ ሠርግ ላይ ይገኛል። ይህን ውሸት የሚለው የለም። ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያሠራውም በፍቅር ነው፣ በፎቶው ውስጥ ያለውም ሰው ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር። ፎቶ አንሺው ያው እርሳስና ያው መቀስ ይዞ ነው የሠራው።

በኢትዮጵያ ሥዕል ደግሞ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው፣ ከሃዲው፣ የሚወጋው ጠላት፣ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት የቆመ ገበሬ ፊደል ባይቆጥርም ይህን ያነባል። ሠዓሊው ፍርድ እየሰጠ መሆኑን ያውቃል፤ ሠዓሊውም አይደብቅም። ፎቶግራፍ ሲመጣ ግን ፍርድ የሌለበት፣ እጅ ያልገባበት፣ ብርሃን ራሱ የጻፈው ነገር ተደርጎ ታየ። በ1908 እና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቶ ያየ ሰው ያየው ሥዕል አልመሰለውም። ያየው ምስክር ነው።

ዘመኑ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበር። ኢየሩሳሌም ራሷ ያኔ በቱርኮች እጅ ነበረች፤ እንግሊዞች የገቡት በ1910 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሚኒስትሮች በአንድ በኩል፣ የጀርመንና የቱርክ ወኪሎች በሌላ በኩል ሆነው ወጣቱን ገዢ ይጎትቱ ነበር። ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ እየወረዱ፣ ከሶማሌ መሪዎች ጋር እየተገናኙ ሲሄዱ፣ በሶማሌ አገር እንግሊዝን ከሚወጋው ከሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ጋር ሊያብሩ ነው የሚል ፍርሃት በሦስቱ መንግሥታት ልብ ገባ። በ1908 ዓ.ም. ክረምት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ከአባታቸው ከራስ መኮንን ግዛት ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሲመድቧቸው ደግሞ የሸዋ መኳንንት ትዕግሥት አለቀ።

ፎቶግራፉ የወጣው በዚህ መካከል ነው። ኢያሱ እንደ እስላም ለብሰው፣ ራሳቸው ላይ ጥምጥም አድርገው የሚታዩበት ፎቶ በመኳንንቱና በካህናቱ እጅ ተዘዋወረ። ከፎቶው ጋር ወሬም ነበረ፤ እስላም የረደውን በሉ፣ መስጊድ ገብተው ሰገዱ፣ ጨረቃ ያለበት ባንዲራ ላኩ፣ የትውልድ ሐረጋቸውን ከነቢዩ መሐመድ አስቆጠሩ ተባለ። ወሬ ብቻውን ለመሐላ መፍቻ አይበቃም። ፎቶ ግን የሚያዝ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ነገር ነው። ለጳጳሱ ለአቡነ ማቴዎስ፣ ሕዝቡን ከምኒልክ እርግማን ለመፍታት ለሚያመነቱት ሽማግሌ፣ እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

ፎቶው የተቀናበረ ነበር የሚለው ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ራሱ የኢያሱ፣ ጥምጥሙና ልብሱ የሌላ ሰው፣ ሥራውም አዲስ አበባ ላይ የነበረ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ነው ተብሎ በመጽሐፍም ተጽፏል። በኋላ ዘመን ፎቶዎቹን የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን ነገሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ኢያሱ በምሥራቁ አገር ሳሉ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ጥምጥም አድርገው በእርግጥ የተነሧቸው ፎቶዎች እንዳሉ ያመለክታሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ነው። መቀስ የገባበት ፎቶ ቢሆን፣ ጥፋቱ የአንድ ባለሙያና የላኪዎቹ ነበር። ፎቶው እውነተኛ ከሆነ ግን ማንም መስታወቱን መንካት አላስፈለገውም። አንድ ገዢ እንግድነት በሄደበት አገር የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ይህ በወሎ ለተወለደ ሰው ያልተለመደ አይደለም፤ አውሮፓውያን መልእክተኞችም ካባና ለምድ ለብሰው በአዲስ አበባ ፎቶ ተነሥተዋል፣ ኦርቶዶክስ ሆኑ ያላቸው ግን የለም። የኢያሱን ፎቶ ከድሬዳዋ አውጥቶ በአዲስ አበባ ጉባኤ ላይ የዘረጋው እጅ፣ ይኸው ካደ ብሎ የተረጎመው አፍ፣ እርሳስ ከያዘው ፎቶ አንሺ ያላነሰ ሠርቷል። ፎቶ አንሺ ቢያንስ ጥላውን ሲያሳስት ይያዛል፤ ተርጓሚውን የሚያጋልጥ ጥላ የለም። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ስታሊን ከውኃው ቦይ ዳር አብሮት የቆመውን ኒኮላይ ዬዦቭን ካስገደለው በኋላ ከፎቶው አስፋቀው፤ ያን ግን ዛሬ ማንም ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያየዋል።

ጊሚራን ያስታውሷል። በዚያ ዘመቻ የተነዱት ሰዎች ፎቶ በጉባኤው ፊት አልተዘረጋም፤ የክሱ ዋና ነጥብም አልነበረም። ከከሳሾቹ ብዙዎቹ ቤታቸው በባሪያ የሚሠራ ነበርና። ጥምጥሙ ላይ ሁሉም ዓይኑን ሲጥል፣ ሊጠየቁበት የሚገባው ሳይነሣ ቀረ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ኢያሱ ያኔ ሐረር ነበሩ። ወሬው እንደ ደረሰ ሐረር ውስጥ ብዙ እስላሞች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሶማሌዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ፎቶ ውስጥ አልነበሩም፣ ፎቶውንም ምናልባት አላዩትም።

ኢያሱ ወደ መሐል አገር ለመመለስ ሞክረው ሚኤሶ ላይ ተመቱና ወደ አፋር በረሃ ገቡ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ ድል አድርገው ራስ ልዑልሰገድን ገደሉ። ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ፣ ከመስቀል ልክ በወሩ፣ ተሸነፉና ተማረኩ። በዚያ ቀን የወደቀው ሰው ብዛት በኢትዮጵያውያን መካከል ከተደረጉት ጦርነቶች ከከባዶቹ አንዱ አድርጎታል። ሚካኤል በድሉ ሰልፍ ላይ በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ ሰው ፊት አለፉ፤ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም በእስር ሞቱ። በቦሩ ሜዳ ተጠምቀው 40 ዓመት ያህል በክርስትና የኖሩ ሰው ናቸው። የልጃቸው ክስ የእሳቸውንም ጥምቀት የጠየቀ ያህል ነበር።

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ዘውድ ጫኑ። ኢያሱ አምስት ዓመት ያህል በአፋር፣ በወሎና በትግራይ ሲሸሹ ኖሩ፤ አንድ ጊዜም ከመቅደላ አምባ ላይ ተከብበው አመለጡ። በ1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተያዙና ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጡ። ራስ ካሣም ፍቼ ላይ በክብር እስር አቆዩአቸው፤ ምግቡም መጠጡም አልጎደለባቸውም ይባላል። ዘውዲቱ ለእኅታቸው ልጅ ይራሩ እንደነበር ይነገራል። በፋሌ የደረሰባቸውን አልረሱም ይሆናል፤ ግን ሃይማኖተኛ ሴት ነበሩ፣ በኢያሱ ውድቀት ላይም ደስታ ሲያሳዩ አልታዩም። በኢየሩሳሌም አንበሳው ያለበትን ሕንጻ ያሠሩት ኢያሱ ፍቼ በታሰሩበት ዘመን ነው።

ኢያሱን ከፎቶ ቀጥሎ የነካካቸው ጽሑፍ ነው። በብዙ መጽሐፍ ከሥልጣን ከወረዱበት መስመር ጀምሮ እሳቸው መባላቸው ቀርቶ እሱ ይሆናሉ። ሰባት ዓመት የገዙበት ዘመን በትምህርት ቤት በጥቂት መስመር ያልፍ ነበር፤ ከምኒልክ ወደ ዘውዲቱ በአንድ እርምጃ። ዜና መዋዕላቸውን የጻፉት አለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ የሁለቱንም፣ የአቤቶ ኢያሱንና የንግሥት ዘውዲቱን፣ ዘመን ከአንድ ሥራ ውስጥ አስገብተዋል፤ ይህ ሥራ በመጽሐፍ የታተመው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ስለ ኢያሱ ብቻ የተሰበሰቡ የምሁራን ጥናቶች በእንግሊዝኛ ታተሙ።

መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዘውዲቱ አረፉ፣ በጥቅምት ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከፍቼ አመለጡ። የረዷቸው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ናቸው ተባለ፤ ራስ ኃይሉም ሀብታቸውን ተነጥቀው ታሰሩ። ኢያሱ ብዙ ሳይሄዱ ተያዙና በዚህ ጊዜ ወደ ሐረር ተራሮች፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ከፍቼ እስር ይህኛው ጠንካራ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወርር የኢያሱ ስም ሌላ ጊዜ ተነሣ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሕዝቡ በኃይለ ሥላሴ ላይ ተነሥቶ ኢያሱን እንዲከተል የሚጠሩ ወረቀቶች በተኑ። ይህም ያው ሥራ ነው፤ ሰውየው ሳይጠየቁ፣ በማያውቁት እጅ፣ ለማያውቁት ዓላማ ተዘረጉ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ኢያሱ በእስር ቤታቸው ሞቱ ተባለ። 40 ዓመታቸው ነበር። አሟሟታቸው ላይ የተነገረው ወሬ ብዙ ነው፤ መቃብራቸውም የት እንደሆነ በሰፊው አልታወቀም።

ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእቴጌ መነንና ከልጆቻቸው ጋር በመርከብ ሐይፋ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም መጡ። በንጉሥ ዳዊት ሆቴል አረፉ፤ በኢትዮጵያ ጎዳና ያለው ቤተ ክርስቲያንም ሄደው ጸለዩ። የአሜሪካን ኮሎኒ ፎቶ አንሺዎች ሐይፋ ላይ ሲወርዱም፣ ኢየሩሳሌም ላይ ሲቆሙም አንሥተዋቸዋል። ካባቸውን ደርበው፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ከስተው ይታያሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የሸሹ ናቸው ለሚል እነሆ ማስረጃ፣ ለአገራቸው ሊጮኹ ወደ ጄኔቫ የሚሄዱ ናቸው ለሚልም እነሆ ማስረጃ። ፎቶው አንድ ነው። በዚያ ዘመን ሁለቱንም ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የኢጣሊያ ጋዜጦችና የኢትዮጵያ ስደተኞች ያንኑ ፊት እያዩ ተከራከሩ።

የእነዚያ የኢየሩሳሌም ፎቶዎች መስታወትና ፊልም ሳይጣል ተቀምጦ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ የፈለገ አውጥቶ ጥላውን፣ አንገትጌውን፣ ጠርዙን ይመረምራል። ለኢያሱ ፎቶ እንዲህ ያለ ጠባቂ ሳጥን አልተገኘለትም። የቀሩት ወረቀቶቹ ናቸው፤ ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው የተላለፉ፣ አንዳንዶቹ በጀርባቸው በተለያየ እጅ የተለያየ ነገር የተጻፈባቸው። በአንዱ ላይ ኢያሱ በካባና በክርስቲያን መኳንንት ልብስ ከአባታቸው ጋር ናቸው። በሌላው ላይ ጥምጥም ጠምጥመዋል። በሁለቱም ላይ ፊታቸው የወጣት ነው፤ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ወደ ፎቶ አንሺው ያያል፣ ሁለቱም ዓይን።